ዲስኩን ከመክሰሳችን በፊት ኮንትሮለሩን እንጠይቅ

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከቀረቡት ንግግሮች አንዱ)



 ጦርነቱ በካርቱም የጀመረው ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) መሆኑን ማናችንም አንረሳውም። ዕለቱ ቅዳሜ ስዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ከዴም፣ ከጅሬፍና ከሌሎችም ሰፈሮች ወጥተን ግማሻችን ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ፣ ግማሻችን ወደ ፖርት ሱዳን ተበታተንን። የቀረም አለ፣ ያረፈም አለ። ስለዚህ ዛሬ ተሰብስበን መተያየታችን ራሱ በዓል ነው።

የዝግጅት ኮሚቴው «ከየሙያችሁ ለወገን የሚጠቅም አንድ አንድ ነገር አቅርቡ» ብሎ ሲያዘን፣ እኛ የኮምፒዩተር ዕቃ ሻጮች ምን እንበል ብለን አሰብን። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች አይደለንም፤ ትምህርታችን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያበቃ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት ከባንኮኒ ጀርባ ስንቆም ሰው ሁሉ የተበላሸበትን ይዞ ስለሚመጣ፣ ሳናስበው ብዙ ነገር አይተናል። ከዚህም ውስጥ በአሁኑ ጊዜ ይበልጥ ይጠቅማል ያልነውን መረጥን። እርሱም ሰርቨር አልነሳ ሲል ምን ማድረግ፣ በተለይም ምን አለማድረግ እንደሚገባ ነው።

«ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። የሚያገባን ስለሆነ ነው። የልጆቻችን የትምህርት ውጤት፣ የክሊኒኩ ካርድ፣ የዕድሩ ሒሳብ፣ የነጋዴው የዱቤ መዝገብ በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ነው ያለው። በጦርነቱ ወረቀቱ ተቃጥሎ ወይም ተዘርፎ፣ የቀረው ማስረጃ ዲስኩ ብቻ የሆነበት ብዙ ቦታ አለ። ከተማዋ ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በጦር ሠራዊቱ እጅ ከተመለሰች በኋላ ሰው ቢሮውንና ሱቁን እየከፈተ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መብራት ያላዩ ማሽኖችን አውጥቶ መሰካት ጀመረ። አልነሳ ሲሉት «ዲስኩ ሞቷል» ይላል። እኛ ግን ካየናቸው አብዛኞቹ ዲስኩ ደኅና ነበር።

ክላስተር ማለት ምን ማለት ነው?

ሰርቨር ማለት ለሌሎች ኮምፒዩተሮች መዝገብ የሚይዝ ኮምፒዩተር ነው። አንዱ ሰርቨር ቢበላሽ ሥራ እንዳይቆም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰርቨሮችን አጣምሮ ማሠራት ክላስተር ይባላል። ሁለቱ ሰርቨሮች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ የዲስክ ሣጥን ይኖራል። በሰርቨሩና በዲስኩ መካከል የሚቆመው ካርድ ደግሞ ኮንትሮለር ይባላል። ኮንትሮለር እንደ መጋዘን ጠባቂ ነው። ዕቃው በመጋዘን ሞልቶ ሳለ ጠባቂው የተሳሳተ ትእዛዝ ከያዘ «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ይመልሳችኋል። ትእዛዙ የተጻፈበት ቦታ ነው ሴቲንግ የምንለው።

ኮንትሮለሩ ብዙ ጊዜ ዲስኮችን አቀናጅቶ እንደ አንድ ያሳያል። ይህ ሬይድ የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሦስት ምሁራን፣ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ባቀረቡት ጽሑፍ ስሙን ያገኘ ነው። ሬይድ 1 አንዱን ጽሑፍ በሁለት ዲስክ ላይ ይገለብጣል። ሬይድ 5 ቢያንስ ሦስት ዲስክ ይፈልጋል፤ ባለ 500 ጊጋባይት ሦስት ዲስኮች ቢሆኑ 1000 ጊጋባይት ያህል እንጠቀምበታለን፣ የቀረው ለመጠባበቂያ ይሆናል፤ አንድ ዲስክ ቢሞት ሥራው አይቆምም፣ ሁለት ቢሞቱ ግን ይጠፋል።

ሁለት ሒሳብ ያዦች ሳይነጋገሩ በአንድ ደብተር ላይ በአንድ ጊዜ ቢጽፉ ደብተሩ ይበላሻል። ክላስተርም ይህን ስለሚፈራ ሕግ አለው። ሕጉ እኛ በጠቅላላ ጉባኤያችን የምንጠቀምበት ምልዓተ ጉባኤ ነው። ሁለቱ ሰርቨሮች አንድ አንድ ድምፅ፣ ለዚሁ የተመደበ አንድ ትንሽ ዲስክ ደግሞ ሦስተኛ ድምፅ ይኖረዋል። ከሦስቱ ሁለቱ ካልተገኙ ክላስተሩ ሥራ አይጀምርም። ሁለተኛው ሰርቨር ጠፍቶ ሳለ ኮንትሮለሩ ያቺን ትንሽ ዲስክ ማየት ካቃተው፣ አንደኛው ሰርቨር ጤነኛ ሆኖም «ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም» ብሎ ይቆማል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሰርቨሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

በካርቱም ለምን ይበዛል?

አንደኛው ምክንያት መብራት ነው። ከጦርነቱ በፊትም የ1250 ሜጋዋት የሜሮዌ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀምሮ እንኳ መቆራረጡ አልቀረም። ሁለተኛው ሙቀቱና አቧራው ነው። በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስበት፣ ሃቡብ በሚነፍስበት ከተማ ባትሪ ዕድሜው አጭር ነው። ሦስተኛው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1997 የጣለችውና በኦክቶበር 2017 የተነሳው የንግድ ማዕቀብ ነው። በዚያ ሃያ ዓመት ዕቃው በዱባይ በኩል፣ ብዙ ጊዜም ያገለገለ ሆኖ ይመጣልን ነበር። የኮንትሮለሩን ፕሮግራም ለማሻሻል ስንሞክር «ለአገራችሁ አይፈቀድም» የሚል መልስ እናገኝ ነበር። ስለዚህ በከተማው ያለው ሰርቨር ከየቦታው የተገጣጠመ፣ ኮንትሮለሩም የድሮ ፕሮግራም የያዘ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲሠራ ይሠራል፤ አንዴ ሴቲንጉ ከጠፋ ግን የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልገዋል።

ምልክቶቹና መፍትሔያቸው

አንደኛ፣ የሳንቲም ባትሪ። በማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች። ማሽኑ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምትጠብቀው እርሷ ናት፤ በብዙ ማሽኖች ሴቲንጉንም የምትጠብቀው እርሷው ናት። ስትሞት ባዮሱ ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረው ይመለሳል። ዲስኩ በሬይድ የተዘጋጀ ሆኖ ሳለ ባዮሱ ወደ ኤኤችሲአይ ወይም ወደ አይዲኢ ከተመለሰ፣ «የሚነሳ ዲስክ የለም» ይላል፤ ወይም ዊንዶውስ ጀምሮ መጨረሻው 7 ቢ የሆነ ቁጥር ያለበት ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል። ቀላሉ ማወቂያ ቀኑን ማየት ነው። ማሽኑ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ካሳየ በመጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ። ባትሪውን ቀይሩ፣ ቀኑን አስተካክሉ፣ የዲስኩን ሴቲንግ ቀድሞ ወደነበረበት መልሱ። በተሳሳተው ሴቲንግ ደጋግማችሁ አታስነሱት፤ ከሁለቱ መንትያ ዲስኮች በአንዱ ብቻ ከተነሳ ሁለቱ መለያየት ይጀምራሉና። ቀኑም ራሱ ነገር አለው፤ በዊንዶውስ ዶሜይን የሚሠሩ ሰርቨሮች ሰዓታቸው ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ እርስ በርስ አይተማመኑም፣ ክላስተሩም አይነሳም።

ሁለተኛ፣ የማብራት ቅደም ተከተል። መብራት ሲመጣ ወይም ጄኔሬተር ሲነሳ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል። ሰርቨሩ ከዲስክ ሣጥኑ ከቀደመ፣ ኮንትሮለሩ ሲፈልግ ዲስኮቹ ገና መሽከርከር አልጀመሩም፤ «የሉም» ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ መጀመሪያ የዲስክ ሣጥኑን አብርቶ መብራቶቹ እስኪረጉ መጠበቅ፣ ከዚያ አንደኛውን ሰርቨር፣ እርሱ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ሁለተኛውን ማብራት ነው። ሲጠፋ በተቃራኒው ነው። ባዮሱ ውስጥም መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ በራሱ እንዳይነሳ ማድረግ ይቻላል። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛ፣ የመለያ ቁጥር። በድሮዎቹ የስካዚ ገመድ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር አለው። ኮንትሮለሮች ከፋብሪካ ሲወጡ 7 ቁጥር ይዘው ነው። ሁለት ሰርቨሮችን በአንድ ገመድ ስናገናኝ ሁለቱም 7 ከሆኑ በአንድ ቤት ቁጥር ሁለት ቤት እንደማለት ነው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይደርቃል። አንዱን 6 ማድረግ ነው። በተጨማሪም ኮንትሮለሩ በሚነሳበት ጊዜ ገመዱን እንዳያራግፍ «ሪሴት» የሚለውን ሴቲንግ ማጥፋት፣ የገመዱ ሁለት ጫፎችም መዝጊያቸው መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ይህ ዓይነት ዕቃ ሌላ አገር ሙዚየም ገብቶ ይሆናል፤ እዚህ ግን አሁንም ያጋጥመናል።

አራተኛ፣ በአንድ ማሽን ውስጥ ያሉ ሰርቨሮች። አሁን ብዙዎች እንደ ቪኤምዌር ባለ ፕሮግራም በአንድ ብረት ውስጥ ብዙ ሰርቨር ያሠራሉ። ሁለቱ አንድ ዲስክ እንዲጋሩ ሲደረግ አንደኛው ይነሳል፣ ሁለተኛው ግን «ፋይሉ ተቆልፏል» ብሎ እንቢ ይላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የኮንትሮለሩ የመጋራት ሴቲንግ «የለም» በሚለው ላይ መቅረቱ ነው። ሁለቱንም አጥፍቶ፣ የጋራውን ዲስክ ሰርቨሩ ከሚነሳበት ዲስክ በተለየ ኮንትሮለር ላይ ማድረግና መጋራቱን መፍቀድ ነው። ሁለቱ በአንድ ብረት ውስጥ ከሆኑ «ቨርቹዋል»፣ በተለያየ ብረት ከሆኑ «ፊዚካል» የሚለው ይመረጣል። መቆለፉ ክፉ ነገር አይደለም፤ ደብተሩን ከሁለት ጸሐፊ የሚጠብቅ ነው። ቁልፉን በጉልበት መስበር ግን መዝገቡን ማጥፋት ነው።

አምስተኛ፣ ቦታ የቀየሩ ዲስኮች። ዲስኮች ተነቅለው ሲመለሱ ወይም ወደ ሌላ ኮንትሮለር ሲዛወሩ ኮንትሮለሩ «ባዕድ አሠራር አገኘሁ» የሚል ማስታወቂያ ያወጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ «ኢምፖርት» እና «ክሊር»። ኢምፖርት ማለት በዲስኮቹ ላይ የተጻፈውን አሠራር ተቀበል ማለት ሲሆን ክሊር ማለት አሠራሩን አጥፋ ማለት ነው። «ኢኒሺያላይዝ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ መዝገቡን ያጠፋል። ኢምፖርትም ቢሆን በጥንቃቄ ነው። በሬይድ 5 ውስጥ ከብዙ ጊዜ በፊት ወጥቶ የቀረ ዲስክ ካለ፣ በውስጡ ያለው ያረጀ ጽሑፍ ስለሆነ በግድ መመለስ የለበትም። የትኛው ቀድሞ እንደወጣ ሳይታወቅ ምንም አይነካም።

ስድስተኛ፣ የኮንትሮለሩ የራሱ ባትሪ። ብዙ ኮንትሮለሮች መብራት ሲጠፋ ገና ያልተጻፈውን ለጥቂት ቀን የሚጠብቅ ባትሪ አላቸው። ባትሪው ሲሞት ሰርቨሩ ሲነሳ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ የሰው መልስ ይጠብቃል። ስክሪን ያልተሰካበት ሰርቨር ከሆነ «አልነሳም» ይባላል እንጂ ማሽኑ መልስ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስክሪን ሰክቶ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

ካየናቸው ሁለቱን እንንገራችሁ

ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሰርቨርና ባለ ስድስት ዲስክ ሣጥን ነበረው። ሕንፃው ሽቦው ሳይቀር ተዘርፎ፣ ማሽኖቹ ግን ከአሮጌ ወንበር በታች ተርፈው ተገኙ። በዚያ ትምህርት ቤት የተማሩ የወገኖቻችን ልጆች አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ካይሮ ሄደው «የውጤት ማስረጃ አምጡ» ተብለው ክፍላቸው ሳይታወቅ ተቀምጠዋል። ከዚያ በፊት ያየው ሰው ዲስኮቹ ሞተዋል፣ ፎርማት ይደረጉ ብሎ ነበር። ዳይሬክተሩ «እስኪ ሌላም ሰው ይየው» ብለው አመጡልን። አንደኛው ሰርቨር ቀኑ ከአሥር ዓመት በላይ ወደኋላ ሄዷል። ባትሪውን ከመቀየራችን በፊት እያንዳንዱን ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥን፤ ሦስት ቀን ፈጀብን። ከዚያ ባትሪ፣ ቀን፣ የሬይድ ሴቲንግ፤ ሰርቨሩ ተነሳ። ሣጥኑ ግን ዲስኮቹ ሲነቀሉና ሲሰኩ ተዘበራርቀው ስለነበር «ባዕድ» አለ። ሁሉም ዲስኮች በአንድ ቀን የቆሙ መሆናቸውን አይተን ኢምፖርት አልነው። ሣጥኑን አስቀድመን፣ ሰርቨሮቹን አስከትለን አበራን። ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ፣ መዝገቡም ተከፈተ። የልጆቹ ውጤት ታትሞ ለየወላጁ ተላከ።

ሁለተኛው አንድ የንግድ ቢሮ ነበር። ማሽኑ ያው ነው፣ ምልክቱም ያው ነው። ነገር ግን ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት አንድ የቸኮለ ሰው «ኢኒሺያላይዝ» ብሎታል። ሲደርሰን ዲስኩ ንጹሕ ነበር፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የተመዘገበ የሰው ገንዘብ አልተመለሰም። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ የፈሰሰ እህል እንኳ ይለቀማል፣ ይህ ግን የሚለቀምም አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዕውቀት ሳይሆን የአንዲት ቁልፍ ነው።

ክላስተርም ቢሆን አንድ ጣራ ሥር ነው

ሌላም ትምህርት አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024) ካርቱም ያሉት የቴሌኮም ማዕከሎች ሲቆሙ ሱዳን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከስልክና ከኢንተርኔት ተቆረጠች። አገልግሎቱ በከፊል የተመለሰው ሥራው ከፖርት ሱዳን ሲደረግ ነው። የካርቱም ባንክ ባንካክም ጦርነቱ እንደጀመረ ሰሞን ተቋርጦ ሲመለስ፣ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ የመጣው በእርሱ በኩል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ሰርቨር አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ከዕቃ ብልሽት እንጂ ከእሳት፣ ከዘረፋና ከጦርነት አያድንም። ሬይድም እንዲሁ ቅጂ አይደለም፤ ያጠፋችሁትን በሁለቱም ዲስክ ላይ ያጠፋል። ቅጂ ማለት ሌላ ከተማ ያለ ነው።

ለማኅበራችን የምናሳስበው

በዚህ በዓል ምክንያት ማኅበራችን መዝገቡን እንደገና እያደራጀ ነው። ስለዚህ እኛ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1. ሰርቨር ያለው ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ የኮንትሮለሩን ዓይነት፣ የሬይዱን ቁጥር፣ የዲስኮቹን ተራ፣ የመለያ ቁጥሮቹንና የመነሻውን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፍ። የስክሪኑ ፎቶግራፍም ይነሳ። ወረቀቱ በሰርቨሩ ውስጥ ተቀምጦ አይጠቅምም፤ ከዕድሩ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ፣ አንድ ቅጂም ከካርቱም ውጭ ይላክ።

2. የሳንቲም ባትሪ በዚህ ሙቀት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ከመቀየሩ በፊት ሴቲንጉ ይጻፍ።

3. እያንዳንዱ ዲስክ ላይ የቦታው ቁጥር ይለጠፍበት። ማሽን ሲጓጓዝ ዲስክ ከተነቀለ በቁጥሩ ይመለስ።

4. ሰርቨር አልነሳ ሲል መጀመሪያ ስክሪኑ ይነበብ፣ ቀኑ ይታይ፣ ገመዱ ይታይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ይመሳከር። ዲስኩ ሳይገለበጥ ፎርማት፣ ክሊርና ኢኒሺያላይዝ የሚሉት አይነኩ።

5. ወጣቶቻችን ይህን ሥራ ይልመዱት። በሱቃችን ያረጁ ኮንትሮለሮችና ዲስኮች አሉ፤ ባዶ ስለሆኑ ቢበላሹ የሚያሳዝኑ አይደሉም። ሊማር ለሚፈልግ ልጅ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በራችን ክፍት ነው፤ ክፍያም አንጠይቅም።

ውድ ወገኖቻችን፣ ቤት ንብረት ጠፍቶብናል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን የማን ልጅ የት እንደተማረ፣ ማን ለዕድሩ ስንት እንደከፈለ፣ ማን ከማን ምን እንደሚፈልግ የሚናገረው መዝገብ ከተረፈ፣ ተበታትነንም ቢሆን ማኅበር ነን። እንዲህ ያለው መዝገብ አሁንም በየመጋዘኑ አቧራ ለብሶ «ሞቷል» ተብሎ ተቀምጧል። ከመጣላችሁ በፊት አምጡትና አብረን እንየው።

ለማኅበራችን ረጅም ዕድሜ፣ ለተቀበለችን ሱዳንና ለአገራችን ለኢትዮጵያ ሰላም ይስጥልን።